የቃር ኪኒን፣ የሚያንቅ ጥብስና የተጠረጠረ ኩላሊት

ጥያቄው አጠር ሲል እንዲህ ነው፦

«ዶክተር፣ 34 ዓመቴ ነው። መንዝ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ቃር ስለሚያስቸግረኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ኦሜፕራዞል ስውጥ ቆይቻለሁ። ደረቅ ዳቦና ጥብስ ስበላ ደረቴ ላይ ቀጥ ይልብኛል፤ ያለ ውሃ አይወርድም። ዓምና ሠርግ ቤት ሥጋ ተሰንቅሮብኝ ሁለት ሰዓት ያህል ምራቄን መዋጥ አቅቶኝ ነበር። በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ) ታይቼ ‹ትንሽ ተቆጥቷል› ተባልኩ፤ ናሙና አልተወሰደም። ወገቤንና ጉልበቴን ሲያመኝ ዲክሎፌናክ እወስዳለሁ። ቀጥሎ ሽንቴ ተመርምሮ ‹ኩላሊትህ ኢንፌክሽን አለው› ተባልኩና በተለያየ ጊዜ ሦስት ዙር ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ጨረስኩ። አሁን ደግሞ ክሬቲኒንህ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) 1.4 ነው አሉኝ። ጓደኛዬ ኦሜፕራዞል ኩላሊት ይጨርሳል ይላል። ልተወው? ሁለቱ በሽታዎችስ ይገናኛሉ? በልጅነቴ አስም ነበረብኝ።»

ወንድሜ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ «አንተ» እልሃለሁ፤ አትቀየመኝ። መጀመሪያ መልሱን ልስጥህ፣ ከዚያ እንጫወታለን። ዛሬውኑ የምትተወው ዲክሎፌናኩን ነው። ኦሜፕራዞሉን በጓደኛህ ቃል ብቻ አትተወው፤ ሆኖም ጓደኛህም ዝም ብሎ ከሜዳ ተነስቶ አላወራም። የኩላሊትህ ነገር «ኢንፌክሽን» መሆኑ በጻፍክልኝ ውስጥ አልተረጋገጠም። ጉሮሮህ ደግሞ ታየ እንጂ በቅጡ አልተመረመረም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይሄ የመጨረሻው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ቃር ሌላ ነው፣ ማነቅ ሌላ ነው። ቃር የሚባለው የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ተመልሶ የምግብ ቧንቧውን ሲያቃጥለው ነው። ቧንቧው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከጉሮሮ ተነስቶ በደረት በኩል ጨጓራ ድረስ ይወርዳል። ጨጓራ አሲዱን የሚችልበት ሽፋን አለው። ቧንቧው እንደዚያ ያለ ሽፋን የለውም። እንግዲህ ማታ በርበሬ የበዛበት ሽሮ ጠግበህ ትበላለህ። የመንዝ ብርድ ደግሞ አያስቀምጥም፤ ወዲያው ጋቢህን ተከናንበህ ጋደም ትላለህ። አሲዱ መንገዱን አገኘ ማለት ነው። አረቄ ከታከለበትማ አትጠይቀኝ። ይህን ኦሜፕራዞል ያስታግሰዋል።

ምግብ መሰንቀር ግን ሌላ ታሪክ ነው። ወጣት ወንድ፣ በልጅነቱ አስም የነበረበት፣ ደረቅ ነገር በውሃ ካልሆነ የማይወርድለት፣ አንድ ቀን ሥጋ ተሰንቅሮበት ምራቁን መዋጥ ያቃተው። ይህን ለጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት ብትነግረው ከአፉ የሚወጣው የመጀመሪያ ስም ኢዮሲኖፊሊክ ኢሶፋጃይተስ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ይገባል። ኢዮሲኖፊል ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ነው። ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ በ1879 ኢዮሲን የሚባለውን ቀይ ቀለም እየጠጣ ደምቆ ሲታይ አይቶ ነው የለየው። ዋና ሥራው ከትላትልና ከመሳሰሉት ጋር መዋጋት ነው። በአለርጂም ጊዜ ይነሳል፤ አስም ያለበት ሰው ሳንባ ውስጥ የሚያምሰው እሱ ነው። በጤናማ ሰው የምግብ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ግን ቦታ የለውም። እዚያ ተሰብስቦ ከተገኘ፣ አንድ የምትበላው ነገር አስቆጥቶታል ማለት ነው።

በሽታው ራሱን ችሎ በሕክምና መጽሔት የተጻፈው በ1993 እና በ1994 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሐኪሞች ሁሉንም «የአሲድ ነው» ብለው ያልፉት ነበር። እኔም አልፌያለሁ። ወጣት ሐኪም ሳለሁ ልክ እንዳንተ ሥጋ የተሰነቀረበት ሰው መጣ። ሥጋው ወጣለት፣ ኦሜፕራዞል ጽፌ «ቀስ ብለህ አላምጠህ ብላ» ብዬ ሸኘሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ቧንቧው ጠብቦ ሽሮ እንኳ በግድ ነበር የሚወርድለት። ያን ቀን ያነበብኩት ስለዚህ በሽታ ነው። ሰውየው «ቀስ ብዬ አኘኩ እኮ ዶክተር» ያለኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ለምን ይጠብባል? ቁጣው ለዓመታት ሳያባራ ሲቀር ግድግዳው ጠባሳ እያወጣ ይደድራል። መጀመሪያ ላይ ቀለበት ቀለበት የመሰሉ ክቦች፣ ወደ ታች የሚሄዱ ስንጥቅ የመሰሉ መስመሮች፣ ነጫጭ ነጥቦች ይታያሉ። አንዳንዴ ደግሞ በኢንዶስኮፒ ሲያዩት ምንም የሌለበት ይመስላል። «ናሙና አልተወሰደም» ያልከው ያሳሰበኝም ለዚህ ነው። ይህ በሽታ በዓይን አይፈረድበትም። ከቧንቧው ከላይም ከታችም ቢያንስ ስድስት ቁራጭ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። በማይክሮስኮፑ ትልቅ ማጉያ በአንድ ዕይታ 15 እና ከዚያ በላይ ኢዮሲኖፊል ከተቆጠረ፣ ሌላም ምክንያት ከሌለ፣ በሽታው እሱ ነው። አንድ ቁራጭ ብቻ ከተወሰደ ሊያመልጥ ይችላል፤ ቁጣው እንደ ደጋ ዝናብ ነው፣ እዚህ ማሳ ላይ ጥሎ እዚያ ማዶ ያልፋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። የደም ምርመራ ላይ «ኢዮሲኖፊል ከፍ ብሏል» የሚል ካየህ፣ እሱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። እኛ አገር ትል ያለበት ሰው ብዙ ነው፤ ትሉም ከፍ ያደርገዋል። ወደ ቆላው ወርደህ ወንዝ ውስጥ የምትገባ ከሆነ እሱንም ለሐኪምህ ንገረው። ቢልሃርዚያ የሚገባው በዚያ ነው።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። ጾም ትጾማለህ? መንዜ ሆነህ አትጾምም ብዬ አልገምትም። ፈረንጆቹ ይህን በሽታ ከሚያክሙባቸው መንገዶች አንዱ ምግብ መተው ነው። ወተት፣ ስንዴ፣ እንቁላል፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝና መሰሎቹ፣ ዓሣና የባሕር እንስሳት፤ ስድስት ዓይነት ምግብ ለስድስት ሳምንት ያህል ያስተዋል። ከዚያ እንደገና ናሙና ይወሰዳል፣ ምግቡም አንድ በአንድ ይመለሳል። ከስድስቱ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛ ሆነው የሚገኙት ወተትና ስንዴ ናቸው። በ2023 አሜሪካ ውስጥ በ129 አዋቂዎች ላይ የተሠራ ጥናት አንድ ቁም ነገር አሳየ። ስድስቱንም ከተዉት ውስጥ 40 በመቶው፣ ወተት ብቻ ከተዉት ውስጥ ደግሞ 34 በመቶው በናሙና ሲታዩ ተሽሏቸዋል። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ዓይን ልዩነት አይባልም። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች አሁን በወተት ብቻ መጀመሩን መርጠዋል።

ልብ በል፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ስምንት ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን የጎደለው። ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ አይብ የለ፣ እንቁላል የለ። ሌሎች አገር ሰዎች በስንት ጭንቅና ምክር የሚያደርጉትን አንተ በየዓመቱ ሳታስበው ታደርገዋለህ። እስቲ መለስ ብለህ አስታውስ፤ በጾም ዳቦው ይቀልልሃል? ከፋሲካ በኋላስ ይብስብሃል? በፋሲካ ማግስት «ጥብስ አነቀኝ» የሚል ሰው ሲመጣ እኔ ጥብሱን ብቻ አልጠይቅም፤ አይቡንና ቅቤውን እጠይቃለሁ።

ግን ነገሩ እንደ ወተት የነጣ አይደለም። ጾም ላይ ስንዴውና ገብሱ አይቀርም። ለውዝም ይቆላል፤ አንዳንዱም የአኩሪ አተር ወተት ይጠጣል። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆድ ውሎ በአንድ ጊዜ አብዝቶ የሚበላ ሰው ቃሩ በጾም ይብስበታል። ማነቁ ሲቀንስ ቃሩ ሊጨምር ይችላል ማለት ነው። ደግሞም ሕመሙ ቀለለ ማለት ግድግዳው ዳነ ማለት አይደለም። ስለዚህ ጾሙን እንደ ፍንጭ ያዘው፣ እንደ ፍርድ አትያዘው። በአንዲት ደብተር ላይ ሁለቱን ለይተህ ጻፍ፤ ያቃጠለህን ቀን ለብቻ፣ ያነቀህን ቀን ለብቻ። አስተማሪ ነህ፣ ይህ አይከብድህም። በቆዳ ላይ የሚደረገው የአለርጂ ምርመራ ግን የትኛው ምግብ እንደሆነ በእርግጠኝነት አይነግርህም፤ ገንዘብህን አትጨርስበት።

ከምግብ ሌላ መድኃኒት አለው። የሚገርምህ ነገር፣ ራሱ ኦሜፕራዞል ከእነዚህ ታማሚዎች ግማሽ ያህሉን ያሽላል። እስከ 2018 ድረስ «ኦሜፕራዞል ካዳነህ በሽታው የለብህም» ይባል ነበር፤ በዚያ ዓመት የዓለም ባለሙያዎች ተስማምተው ያንን ሰረዙት። ሁለተኛው መንገድ ቁጣ የሚያበርደው ስቴሮይድ ነው። በመርፌ አይደለም፣ በአፍ ተውጦ ቧንቧውን እያለበሰ የሚወርድ ነው። ለአስም የሚነፋው ፍሉቲካሶን ወደ ሳንባ ሳይሳብ አፍ ውስጥ ተረጭቶ ይዋጣል። ወይም ፈሳሹ ቡዴሶናይድ ወፍራም ነገር ውስጥ ተቀላቅሎ ይዋጣል፤ ማርም ጥቅም ላይ ውሏል። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ምንም አይበላም፣ አይጠጣም። ይህን ሐኪም ሳያዝልህ እንዳትሞክረው፤ ቧንቧው ላይ ፈንገስ ሊያበቅል ይችላል። በ2022 ደግሞ ዱፒሉማብ የሚባል መርፌ አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ዋጋው የእኔንም የአንተንም ደሞዝ ስለማያውቅ አናወራበትም። ቧንቧው አንዴ ከጠበበ በመሣሪያ ቀስ ተብሎ ይሰፋል።

ሌሎቹን ምክንያቶች በአጭሩ ልለፋቸው። ዶክሲሳይክሊን ማታ በደረቁ ውጦ የተኛ ሰው ኪኒኑ ቧንቧው ላይ ተጣብቆ ሊያቆስለው ይችላል። ግርሻ ታክመህ በነበረበት ሰሞን ጀምሮህ እንደሆነ አስብ። የሰውነቱ መከላከያ የደከመ ሰው ፈንገስ ይይዘዋል። ካንሰር በአንተ ዕድሜ ብዙ አይጠረጠርም፤ ነገር ግን መጀመሪያ እንጀራው፣ ከዚያ ሽሮው፣ ከዚያ ውሃው እያቃተ ከሄደና ክብደት ከቀነስክ አንድ ሳምንትም አትጠብቅ። ቡናውን እሳት እንደሆነ አትጠጣው የምልህም ለዚህ ነው። ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል። ብርዱ እንደሚያስገድድህ አውቃለሁ። ትንሽ ይብረድልህ።

አሁን ወደ ኩላሊቱ እንውረድ።

እኛ ዘንድ ወገቡን ያመመው ሁሉ «ኩላሊቴን» ይላል። ሽንቱ ያቃጠለውም «ኩላሊት አለብኝ» ይላል። ሐኪሙ ደግሞ ሰልፉ ረዝሞበት «ኢንፌክሽን ነው» ይልና ኪኒን ይጽፋል። እዚህ ላይ ሁለት ቃል መለየት አለብን። ኢንፌክሽን ማለት ጀርም ገባ ማለት ነው። መቆጣት ማለት የሰውነትህ ወታደሮች ተነሱ ማለት ነው። ጀርም ሲገባ ወታደሩ ይነሳል። ወታደሩ በተነሳበት ሁሉ ግን ጀርም አለ ማለት አይደለም። በመድኃኒትም ይነሳል፣ በአለርጂም ይነሳል፣ አንዳንዴም የገዛ ቤቱን ጠላት መስሎት ይነሳል። የላብራቶሪ ወረቀትህ ላይ «ፐስ ሴል» የሚለው የሚቆጥረው ወታደሩን ነው፤ ጀርሙን አይደለም። ጀርሙን አብቅሎ የሚያሳየው ካልቸር የሚባለው ምርመራ ነው። ካልቸር ተሠርቶልሃል? አልጻፍክም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማስመለስ ነበረህ? እሱንም አልጻፍክም። 34 ዓመት የሆነው ወንድ በተደጋጋሚ የሽንት ኢንፌክሽን ሊይዘው አይገባም። ከያዘው ለምን እንደያዘው በአልትራሳውንድና በካልቸር ይፈለጋል። ነጭ ሴል እያለ ጀርም ካልበቀለ ደግሞ ጠጠር፣ የኩላሊት ቲቢ፣ የአባላዘር በሽታ፣ ወይም የኩላሊቱ ሥጋ ራሱ በመድኃኒት መቆጣት ይታሰባል።

ይህ የመጨረሻው ያንተን ጥያቄ ይመልሳል። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራሉ፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን አንድ ሁለት ሊትር ብቻ ነው፣ ቀሪውን ቱቦዎቹ መልሰው ወደ ደም ያስገቡታል። በቱቦዎቹ መካከል ያለው ሥጋ ሲቆጣ ኢንተርስቲሻል ኔፍራይተስ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቆጣው መድኃኒት ነው። ከተከሳሾቹ ውስጥ አንቲባዮቲክ አለ፣ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን አሉ፣ ኦሜፕራዞልም አለ። ሲፕሮም አለ። አየህ፣ ለኢንፌክሽኑ ተብሎ የተሰጠህም ከተጠርጣሪዎቹ ጋር ተሰልፎ ቆሟል። በማይክሮስኮፕ ሲታይም ብዙ ጊዜ እዚያ ከሚገኙት ሴሎች አንዱ ያው ኢዮሲኖፊል ነው። ሁለቱ በሽታዎች አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አንዱ ወደ ሌላው አይዛመትም። ወታደሩ ግን ከአንድ ሰፈር ነው።

ኦሜፕራዞል ኩላሊትን እንዳስቆጣ የመጀመሪያው ሰው የተጻፈው በ1992 ነው። ከዚያ ብዙ ተጻፈ። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ትኩሳት፣ ሽፍታና የኢዮሲኖፊል መብዛት አንድ ላይ ሆነው ነው፤ ሦስቱ ተሟልተው የሚታዩት ግን በጥቂቶች ላይ ነው። ሌላው ዝም ብሎ ይደክመዋል፣ ምግብ ይጠላል፣ ክሬቲኒኑ ከፍ ይላል። የሚደርሰው ግን በስንት ሰው ነው? በ2014 ከኒውዚላንድ የወጣ ትልቅ ጥናት፣ መድኃኒቱን ከሚወስዱ 100,000 ሰዎች ውስጥ በዓመት 12 ገደማ አግኝቷል። ብርቅ ነው። ባንተ ላይ ከደረሰ ግን ብርቅ መሆኑ አያጽናናህም።

ጓደኛህ የሰማው ወሬ ከዚህ የተለየ ይመስለኛል። በ2016 አሜሪካ ውስጥ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ወጣ። ይህን ዓይነት ኪኒን የሚወስዱት ሰዎች ከማይወስዱት ይልቅ የቆየ የኩላሊት ሕመም በዝቶባቸዋል አለ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። እኔ ጋ እንኳ ኪኒኑን በፌስታል ይዞ መጥቶ «ይኼን መርዝ ተረከበኝ» ያለኝ ሽማግሌ ነበር። ችግሩ ጥናቱ የተመለከተው በራሳቸው ምክንያት ኪኒኑን የሚወስዱ ሰዎችን ነው። እነሱ ደግሞ ከጅምሩ ሕመምተኞች ናቸው፤ ወፈር ያሉ፣ ግፊት ያለባቸው፣ ሌላም ኪኒን የሚውጡ። ጉዳቱ የኪኒኑ ይሁን የሰዎቹ ሕመም ለመለየት ያስቸግራል። ለዚህ የሚሻለው ዕጣ የተጣለበት ጥናት ነው፤ ለግማሹ እውነተኛው፣ ለግማሹ የውሸት ኪኒን። ያም በ2019 ወጣ። 17,598 የልብና የደም ሥር ታማሚዎች ፓንቶፕራዞል (የኦሜፕራዞል ዘመድ) ወይም የውሸት ኪኒን እየወሰዱ ለሦስት ዓመት ገደማ ተከታተሏቸው። የቆየ የኩላሊት ሕመም በኪኒኑ ወገን 2.1 በመቶ፣ በሌላው ወገን 1.8 በመቶ ሆነ። ይህ ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። በግልጽ በዝቶ የተገኘው የአንጀት ኢንፌክሽን ብቻ ነበር።

የእኔ ፍርድ ይኸው። ኦሜፕራዞል በድንገት የሚያስቆጣቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ይህ እውነት ነው። ሁሉንም ሰው ቀስ በቀስ ኩላሊቱን ይበላዋል የሚለው ግን አልተረጋገጠም። ያለ ምክንያት ለዓመታት መዋጡ ደግሞ ትክክል አይደለም። አንተ ምክንያት ያለህ ትመስላለህ፤ ምክንያቱ ግን ገና በናሙና አልተጻፈም።

ዲክሎፌናክ ግን ሌላ ወንጀለኛ ነው፤ እሱ በሁለት በር ይገባል። አንደኛው ቅድም ያልኩህ ቁጣ ነው። ሁለተኛው ይብሳል፣ ብዙም ይደርሳል። ወደ ማጣሪያው ደም የሚያስገባው ቀጭን ደም ሥር ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ሰውነትህ አንድ ኬሚካል ያመርታል። ዲክሎፌናክ ሕመምህን የሚቀንሰው ያንኑ ኬሚካል በመከልከል ነው። በደህናው ቀን ኩላሊት ይችለዋል። ግን ጾመህ፣ ውሃ ሳትጠጣ፣ ዳገቱን ወጥተህ ትምህርት ቤት ደርሰህ፣ ማታ ወገቤን ብለህ ዲክሎ ስትወስድ በሩ ይጠብባል። መርፌውም ያው ነው፤ «በመርፌ ከሆነ ኩላሊት አይነካም» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ለጨጓራህም ለቧንቧህም ጠላት ነው። ስለዚህ ለሕመምህ ፓራሲታሞል በልኩ ውሰድ፤ ጉልበትህንም አስመርምረው።

ክሬቲኒን 1.4 ምን ማለት ነው? በ2021 የወጣውን ቀመር ባንተ ዕድሜ ሳሰላው የማጣራት አቅምህ 68 ገደማ ይመጣል። በዕድሜህ ከ90 በላይ ነበር የምጠብቀው። ዳያሊሲስ የሚያሰኝ ነገር አይደለም፤ አትደንግጥ። ዝም የሚባልም አይደለም። ክሬቲኒን ዘግይቶ ነው የሚጮኸው፤ ጉዳቱ ከተጀመረ ቆይቶ ነው ከፍ የሚለው። አንድ ቁጥር ብቻውን ግን ፎቶ ነው። በፊት የተለካህበት ወረቀት ካለ ፈልገው። ጡንቻማ ከሆንክ ወይም ከምርመራው በፊት በነበረው ማታ ጮማ በልተህ ከነበረ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። የቆየ ነው የሚባለው ሦስት ወር ሲያልፈው ነው።

ማጣሪያው ራሱ የሚቆጣበት ሌላ ወገን አለ፤ እሱን በሽንት ፕሮቲንና በደም እናውቀዋለን። ሽንትህ እንደ ኮካ ኮላ ጠቁሮ ያውቃል? ጉሮሮህን ባመመህ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከሆነ አይጂኤ ኔፍሮፓቲ የሚባለውን እንጠረጥራለን፤ ፈረንሳዮቹ በርዤና አንግሌ በ1968 የጻፉት ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ከሆነና ፊት ካበጠ ደግሞ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ጀርም ጣጣ ነው፤ ይህ የሚበዛው በልጆች ላይ ነው፣ ተማሪዎችህ ላይ ካየኸው ቶሎ ላካቸው። «ሁለቱ ይገናኛሉ ወይ» ላልከው አንድ የሚያስደንቀኝ ነገር እዚህ አለ። ቅድም ለምግብ ቧንቧው ያልኩህ ቡዴሶናይድ፣ የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ላይ ደርሶ እንዲፈታ ተደርጎ በካፕሱል ተሠራና በ2021 አሜሪካ ውስጥ ለአይጂኤ ኔፍሮፓቲ ተፈቀደ። ሐሳቡ ኩላሊቱን የሚያስቆጣው ፕሮቲን የሚፈበረከው እዚያ አንጀት ግድግዳ ላይ ስለሆነ ምንጩ ላይ እናብርደው ነው። አንድ መድኃኒት፣ የአስም፣ የጉሮሮና የኩላሊት። የሕክምናው ሁሉ ጥበብ የት ላይ ይፈታ የሚለው ሆነ።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? በዚህ ሳምንት ዲክሎፌናኩን አቁመህ፣ ውሃ ጠጥተህ፣ ክሬቲኒን አስደግም። ሽንትህ በማይክሮስኮፕ ይታይ፣ ፕሮቲኑ ይለካ፣ ካልቸር ይሠራ። ካልቸሩ አንቲባዮቲክ ከመውሰድህ በፊት መሆን አለበት፤ ሌላ ሲፕሮ ቢሰጡህ «መጀመሪያ ካልቸር» በል። ግፊትህን ተለካ። የኩላሊት አልትራሳውንድ ተነሳ። ክሬቲኒኑ ከፍ ብሎ ከተገኘ ወይም በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ካልወረደ ሐኪምህ ኦሜፕራዞሉንም ያስቆምሃል፤ በምትኩ ፋሞቲዲን የሚባል ሌላ የአሲድ መቀነሻ ሊሰጥህ ይችላል። ያኔ የኩላሊት ስፔሻሊስት ማየት አለብህ፤ ምናልባትም ከኩላሊቱ ናሙና ይወሰዳል። መድኃኒቱ በጊዜ ከቆመ ብዙው ሰው ይመለሳል። በዘገየ ቁጥር ጠባሳ ይቀራል።

ኦሜፕራዞሉን በራስህ ድንገት ብታቆም ምን እንደሚሆን ልንገርህ። በ2009 ቃር የሚባል የማያውቁ 120 ጤነኛ ሰዎች ላይ ጥናት ተሠራ። ኪኒኑን ስምንት ሳምንት ወስደው ካቆሙት ውስጥ 44 በመቶው ቃር ወይም መሰል ነገር ጀመራቸው፤ የውሸቱን ከወሰዱት ውስጥ 15 በመቶ ብቻ። ጨጓራ ሲታሰር የከረመ ነውና ሲፈታ ያበዛዋል። ስለዚህ ካቆምክ በኋላ ቢያቃጥልህ «ያለሱ መኖር አልችልም» ብለህ አትደምድም። እስከምትመረመር ድረስ የምትወስደው ከሆነም ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ውሰደው፤ ከበሉ በኋላ የተዋጠ ኦሜፕራዞል ሥራውን በቅጡ አይሠራም።

ለጉሮሮህ፣ ደብረ ብርሃን ውረድም አዲስ አበባ ግባ፣ ኢንዶስኮፒ የሚሠራልህን ሐኪም ሳትተኛ በፊት አንድ ነገር ጠይቀው፦ «ቢያንስ ስድስት ናሙና ከላይና ከታች ይወሰድልኝ፤ ኢዮሲኖፊል ይቆጠርልኝ።» አይቀየምህም፣ አትፈር። ኦሜፕራዞል እየወሰድክ እንደሆነም ንገረው፤ ኪኒኑ ቁጣውን ሸፍኖ ናሙናው ንጹሕ ሊመስል ይችላልና ከምርመራው በፊት ለተወሰነ ሳምንት አቁም ሊልህ ይችላል። የልጅነት አስምህን ንገረው። የሠርጉንም ታሪክ ሳታሳጥር ንገረው።

እስከዚያው ሥጋውን በትንሹ ክተፈው፣ ዳቦውን በሻይ አርሰው፣ በእራትና በአልጋ መካከል ሦስት ሰዓት ይሁን። እንደገና ተሰንቅሮ ምራቅህን መዋጥ ካቃተህ በእንጀራ ጉርሻ ልግፋው አትበል፣ ጀርባህንም አታስመታ፤ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂድ። ሽንትህ ከቀነሰ፣ ደም ከመሰለ፣ ፊትህ ወይም እግርህ ካበጠ፣ ትኩሳትና ሽፍታ ከመጣም ያው ነው።

ከመሀል ሜዳ እስከ ጣርማበር ያለውን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ለአንድ ወረቀት ተመላልሶ መሄድ እንደሚያሰለች ይገባኛል። ስለዚህ አንድ ቀን ስትወርድ የደሙንም የሽንቱንም የአልትራሳውንዱንም ጨርሰህ ተመለስ። የቀድሞዎቹን የሽንት ውጤቶች አትጣላቸው። ሲፕሮውን የጀመርክባቸውንና ዲክሎፌናክ የወሰድክባቸውን ቀኖች ከጎናቸው ጽፈህ አምጣ። አዲሱ ክሬቲኒን ሲደርስህ ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፍልኝ።